ወደ ቃስያ መሻገር

ፓሳማኳዲ፣ ኦክቶበር 1807

ለወንድሜ ለጆታም፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። አንተ ደህና ከሆንክ እኔ ምንም አልል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ቀድሞኝ ያውቃል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ቶሎ ስላልመለስኩልህ አትቀየመኝ፤ የሄሪንግ ወቅት ነበር። ዓሣ ስንሰቅል፣ ስናጨስ ውለን ሲመሽ እጃችን ብዕር የሚይዝ እጅ አይደለም።

የጠየቅኸኝን በየተራው ልመልስልህ። ልጄ ኤልካና ራሱ አልጻፈልኝም። ወሬውን ያመጣው የመርከባቸው አዛዥ ካፒቴን ብሪግስ ነው። የልጄን ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ ደጃፌ ላይ አስቀመጠው፤ ግባ ብለውም አልገባ አለ። ባርቤዶስ አቅራቢያ የእንግሊዝ ንጉሥ የጦር መርከብ አስቁሟቸው፣ ሰው አንሶናል ብሎ ሁሉንም አሰልፎ የት ተወለድክ፣ የት ተወለድክ እያለ ጠየቀ አሉ። ከመካከላቸው ልጄን ወሰዱት። ለምን እሱን ብዬ ብጠይቀው ካፒቴኑ ባርኔጣውን እያሻሸ ጠንካራ ስለሆነ ነው አለኝ።

የዜግነት ወረቀት ለምን አልያዘም ላልከው፣ ያን ወረቀት ለማውጣት አንድ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ስለ ልደቱ መማል አለበት። ዛሬ ነገ ስል መርከቡ ወጣ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ሩፎስ ዜጋ ነበር ወይ ማለትህ ግን አሳዝኖኛል። ባሌ የተወለደው ኖቫ ስኮሺያ መሆኑን አልደብቅም። የነፃነት ጦርነቱ ሲነሣ ግን ንጉሡን ትቶ ወደዚህ ተሻግሮ፣ ሁለት ጣቱን ለዚህ አገር የሰጠ ሰው ነው። ያኔ ሲዋጋ ወረቀትህን አሳየን ያለው አልነበረም። ይኸው ባሕር ከበላው በኋላ የገዛ ወንድሜ ይጠይቀዋል።

አንተ የምትሠራው ሕግ በሚታወቅበት ቤት ነው። ልጄን አስለቅቅልኝ፤ ሌላ የምለምንህ የለኝም።

እህትህ አሴናት ሀኪንስ

ቦስተን፣ ጃንዋሪ 1808

እትዬ አሴናት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሩፎስ ይቅር በይኝ። ሰውየውን አቃልዬ አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ነው የጠየቅኩሽ። እኔ እንደምታውቂኝ ጠበቃ አይደለሁም፤ የጠበቃ ቃል ስገለብጥ የምውል ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ ዐይኔ ደክሞ መስመር እየዘለለብኝ ነው።

ነገሩን ለአለቃዬ ለሚስተር ሎትሮፕ አቀረብኩለት። ያለኝን በአጭሩ ልንገርሽ። በእንግሊዝ ሕግ በንጉሡ መሬት ላይ የተወለደ ሰው እስኪሞት የንጉሡ ተወላጅ ነው። ቢሰደድም፣ ለሌላ ቢምልም፣ ቢያምፅም አይለቀውም። የሚገርመው የእኛም ዳኞች የተማሩት ከዚያው መጽሐፍ ነው። ንጉሡን አባረርን፣ ሕጉን አስቀረነው። እዚህ አፈር ላይ የተወለደ የእኛ ተወላጅ ነው እንላለን። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ተወላጅ ዜጋ ነው ይላል፤ ተወላጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብለው ይሆናል።

ስለዚህ የኤልካና ጉዳይ ቀላል ነው። እዚህ አገር መወለዱን በዳኛ ፊት ምለሽ ላኪልኝ፤ ለንደን ያለው የመርከበኞቻችን ተጠሪ ለባሕር ኃይሉ ሹማምንት ያቀርበዋል። አንድ ነገር ግን አለ እትዬ። ከጠየቅኩሽ ውስጥ አንዱን ዘለልሽው። በየትኛው ቤት፣ በማን እጅ እንደተወለደ አልነገርሽኝም። ያለዚያ መሐላው አይጻፍም።

መንግሥታችን መርከብ ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ በመከልከሉ ወደቡ ተዘግቶ ከተማው ሥራ ፈትቷል። መርከበኛው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ይውላል። ለኤልካና እንደምጸልይ እወቂልኝ።

ወንድምሽ ጆታም ታክስተር

ፓሳማኳዲ፣ ማርች 1808

ጆታም ወንድሜ፣

የዘለልኩት ጠፍቶኝ አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አንተ ግን ከሕፃንነትህ ጀምሮ አንዴ ከያዝክ አትለቅም።

እኛ ዘንድ አዋላጅ የለችም፤ ኖራም አታውቅም። ያለችው ቃስያ ናት፣ የሩፎስ አክስት። ቤቷ ማዶ ካምፖቤሎ ደሴት ላይ ነው፤ ደጄ ቆሜ ልብስ ስታሰጣ አያታለሁ። በመካከላችን ያለው ውኃ ጠባብ ነው፣ ግን ኃይለኛ ነው፤ ሲሞላም ሲጎድልም ጀልባ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ነፍሰ ጡር ምጥ እስኪይዛት አትቀመጥም። ቀኗ ሲቃረብ፣ ውኃው ረግቶ የሚቆምበትን ሰዓት ጠብቀው ያሻግሯታል። ቃስያ ቤት ትወልዳለች፣ እዚያው ትታረሳለች፣ ልጇን ታቅፋ ትመለሳለች። ወደ ሌላ አገር ሄድኩ ያለች ሴት ሰምቼ አላውቅም። ወደ ቃስያ ተሻገረች ነው የሚባለው።

ኤልካናም እዚያ ነው የተወለደው፣ በ1791 ጸደይ። አሁን ገባህ? ካምፖቤሎ የንጉሡ መሬት ነው። ያን ወረቀት ዛሬ ነገ ያልኩት ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ነገር የሰፈራችንን ዳኛ ፔሌግን ባማክረው ፊቱ ተለዋወጠ። የእሱም ሦስት ልጆች የቃስያ ናቸው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጆች፣ የዲያቆኑ መንትዮች፣ ሁሉም። መሬታቸውን ልጆቻቸው እንዳይወርሱ የባዕድ ተወላጅ ናቸው የሚል ሰው እንዳይመጣ ይፈራሉ። ለመንደሩ ስትይ አፍሽን ያዢ አሉኝ። እነሱ ለመሬታቸው ፈሩ፤ የእኔ ልጅ ግን ተወስዶብኛል።

እስቲ አንተ ንገረኝ። ልጁ ማዶ የቆየው እትብቱ እስኪደርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ የኖረው፣ ማንበብ የተማረው፣ እንጨት የፈለጠው፣ አባቱን የቀበረው (ሬሳ ባይኖርም) እዚህ ነው። አንድ ሰው የማን ነው ሲባል የሚቆጠረው የትኛው ነው?

አሴናት

ቦስተን፣ ኤፕሪል 1808

እትዬ፣

ጥያቄሽን ለሚስተር ሎትሮፕ አነበብኩለት። የሕጉን መጽሐፍ ገለጥ አድርጎ ዘጋውና «ይህቺ ሴትዮ የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን አስተካክላ ትመልስ» አለኝ። ያለውን ሳልሸፍን ጻፍኩልሽ።

ከዚህ ጋር የመሐላውን ጽሑፍ ልኬልሻለሁ። ኤልካናን «በገዛ ቤቴ» ወለድኩት ይላል። እባክሽ አትቆጪ። አንድ መስመር ነው። እዚህ ከተማ በየቀኑ ከዚህ የባሰ ሲማል እሰማለሁ፤ በዚያ ምክንያት ሰማይ ሲወድቅ አላየሁም። መንግሥት ደብዳቤ እንድትይዝ የፈቀደላት አንዲት መርከብ በቅርቡ ወደ እንግሊዝ ትነሣለች። እሷ ካመለጠችን ሌላ መቼ እንደምናገኝ አላውቅም። ልጁን በሕይወት ማየት ከፈለግሽ ፈርሚና መልሺልኝ።

ይህን ለአንቺ መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ውሸት ተናግሬ በልጅነቴ አፌን በሳሙና ያጠብሽኝ አንቺ ነሽ።

ጆታም

ፓሳማኳዲ፣ ሜይ 1808

ጆታም፣

ወረቀቱ ይኸውልህ።

ዳኛ ፔሌግ ጮክ ብሎ አነበበው። «በገዛ ቤቴ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው፤ ውኃ ጠጥቶ ቀጠለ። ከዚያ ቀኝ እጅሽን አንሺ አለኝ። አነሣሁ። እውነት ነው ወይ አለኝ። ነው አልኩ። እሱ ወለሉን፣ እኔ መስኮቱን እያየን ጨረስነው። ስወጣ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ትኩስ ዳቦ በሽርጤ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እውነት ተናግሬ ዳቦ የሰጠኝ ሰው አላስታውስም። ዳቦውን እቤት ሳልደርስ ለአሞራ በተንኩት።

ዱቄት ማሻገር የተከለከለ ነው ተብሎ ጠባቂ ወታደር መጥቶብናል። ጭጋግ በወረደ ቁጥር በርሜሉ ሁሉ ማዶ ይሻገራል፤ ወታደሮቹም አብረው ይገፋሉ። ሰው ሁሉ ሕግ ይጥሳል፤ እኔን ግን ለምን እንዲህ እንደሚያደክመኝ አላውቅም። ያነሣሁት እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆኖብኛል። መልሱ ሲመጣ ቶሎ ጻፍልኝ።

አሴናት

ቦስተን፣ ኖቬምበር 1808

እጅግ የማከብርሽ፣ እንደ እናት ያሳደግሽኝ እህቴ እትዬ አሴናት፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ክረምቱ ሳይገባ እንጨት ከምረሻል? የእኔ ዐይን ትንሽ ተሽሎታል። የቤት አከራዬ ሰላምታ ይንገሩልኝ ብላኛለች። ሚስተር ሎትሮፕም ደህና ነው፤ ሪህ ቢያሠቃየውም። ቦስተን ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ ገባ። ለልደት በዓል ኬክ የላክሽው ማር ደርሶኛል፤ እድሜ ይስጥሽ።

አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባል። እኛ ቢሮ አዲስ ሕግ በወጣ ቁጥር የድሮው ጥራዝ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። መደርደሪያው ላይ ያለው የ1802 የዜግነት ሕግ ነው። አለቃዬ ያኔ የገለጠውም እሱን ነበር። ሰሞኑን ለሌላ ሰው ርስት ጉዳይ ምድር ቤት ወርጄ በ1790 የወጣውን አገኘሁት። አይጥ ጠርዙን በልቶታል፣ ይነበባል ግን። የዜጎች ልጆች ከአገር ውጭ ቢወለዱም እንደ ተወላጅ ዜጋ ይቆጠራሉ ይላል፤ አባታቸው እዚህ አገር የኖረ ከሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሕጉን እንደገና ሲጽፉት ተወላጅ የምትለውን ቃል አስወጥተው ዜጋ ብቻ አሉ። ለምን እንዳስወጧት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ኤልካና ግን የተወለደው ቃሏ ሕጉ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ እትዬ፣ እውነቱን ብትምይ በእኛ መንግሥት በኩል ይበቃ ነበር። ሩፎስ እዚህ ኖሯል፣ እዚህ ተዋግቷል። ንጉሡ ግን ይህን አይሰማም፤ መሬቴ ላይ ተወልዷል ይላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንላለን፤ ልጃችንን ግን ሁለት አገር በሁለት እግሩ ይዞታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፈሰስኩ፣ የምለቅመው ግን የለኝም። ወረቀትሽ ከሄደ ቆይቷል። ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለምና ይቅር በይኝ።

ከለንደን እስካሁን የምነግርሽ የለኝም። ደህና ክረሚልኝ፣ ራስሽን ጠብቂ፣ ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ታዛዥ ወንድምሽ ጆታም

ፓሳማኳዲ፣ ጃንዋሪ 1809

ጆታም፣

ሰላምታ አበዛህ። አንተ ሰላምታ የምታበዛው የምትደብቀው ሲኖር ነው። «የምነግርሽ የለኝም» ማለትና «አልሰማሁም» ማለት አንድ አይደለም፤ ዳኛ ባልሆንም ይህን እለያለሁ።

ስለ አሮጌው ሕግ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ልጄን ለማስፈታት እውነቱ እየበቃኝ በውሸት አስማልከኝ፤ ያውም ምድር ቤት ድረስ ለመውረድ ሰንፈህ። ኋላ ደከመኝና ተውኩት። አንተም ያው ለልጁ ብለህ ነው።

እንዴት እንደከረምኩ ግን እወቅ። ከማልኩ ወዲህ ወደ ጌታ ማዕድ አልቀረብኩም። ፓስተሩ ታመሽ ነው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት፤ ያም ሌላ ውሸት ነው። ቃስያ መሐላውን ከዱቄት አሻጋሪዎች ሰማች። ባለፈው ሰንበት ልጠይቃት ብሻገር ወንበር አልሰጠችኝም። «ኤልካና እዚህ ቤት አልተወለደም ብለሽ ማልሽ አሉኝ» አለች። ምን እላታለሁ? አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሊያንቀው የነበረውን እትብት በጣቷ የፈታች ሴት ናት። ለልጁ ብዬ ነው አልኳት። «ለልጁማ እኔም አለሁበት» ብላ ማድጋዋን ይዛ ወጣች።

የሰማኸውን ጻፍልኝ። ሞቶም ከሆነ ጻፍልኝ።

አሴናት

ቦስተን፣ ማርች 1809

እትዬ አሴናት፣

አልሞተም። በሕይወት አለ፣ ጤነኛም ነው። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትሠቀቂ ነው።

በኖቬምበር ስጽፍልሽ እንቢ መባላችንን አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ስላላወቅኩ ዝም አልኩ። አሁን አውቄአለሁ። ኤልካና ካለበት መርከብ የተለቀቀ አሳፍ ኮል የሚባል የሳሌም ሰው ባለፈው ሳምንት ቢሮ ድረስ መጣ። ልጁ አጎቴን ፈልገህ አግኘው ብሎት ነው። ጎኔ አስቀምጬው፣ ትኩስ የፖም መጠጥ አስቀድቼለት ያየውን ሁሉ ነገረኝ።

ወረቀትሽ ከለንደን ወደ መርከቡ ተላከ። አዛዡ መርከበኛው ሁሉ ባለበት ልጁን ጠራው። የት ተወለድክ አለው። ኤልካና ካምፖቤሎ፣ አክስቴ ቃስያ ቤት አለ። አዛዡ ወረቀቱን አሳየው። «እናትህ በገዛ ቤቴ ወለድኩት ብላ ምላለች። ከሁለታችሁ ውሸታሙ ማነው?» አለው።

አሳፍ እንደሚለው ልጁ ፊርማሽን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እንዲህ አለ።

«ማንም አልዋሸም ጌታዬ። እናቴ ያን ቀን ምጥ ላይ ነበረች፤ የት እንዳለች ዘንግታው ይሆናል።»

መርከበኞቹ ሳቁ። አዛዡም ሳቀ። የንጉሡ ተወላጅ መሆኑን በአፉ መስክሯል ብሎ ወረቀቱን መለሰና ልጁን ወደ ሥራው ሰደደው። በዚያች ምሽት አሳፍ፣ አንተ ቂል፣ አዎ ተሳስቻለሁ ብትል ኖሮ ይለቁህ ነበር አለው። ልጁ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች አለ። ይህን ሲነግረኝ አለቀስኩ፤ አንቺም እንደምታለቅሺ አውቃለሁ።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ሁለት ጎረቤቶችሽ ቀርበው ልጁ በቤትሽ መወለዱን ይመስክሩ። ሦስት መሐላ በአንድ ልጅ ቃል ላይ ይከብዳል፤ አለቃዬ ይህ ይሻላል ይላል። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን መሐላ አፍርሰሽ እውነቱን መማል ነው። በ1790ው ሕግ የእኛ ተወላጅ ነው ብለን መንግሥታችንን እንጠይቃለን። ነገር ግን አልዋሽሽም፤ ንጉሡ በዚህ አይለቀውም፤ ንጉሡ ከፈረንሳይ ጋር የያዘው ጦርነት እስኪያልቅ እዚያው ሊቆይ ይችላል። አንቺም በሐሰት በመማልሽ በሰው ፊት ትዋረጃለሽ፣ ልትከሰሺም ትችያለሽ። የመረጥሽውን እጽፋለሁ። እኔ ከእንግዲህ አልመክርሽም።

ጆታም

ፓሳማኳዲ፣ ኤፕሪል 1809

ወንድሜ ጆታም፣

ጎረቤቶቼ ሳልጠይቃቸው ለመመስከር መጡ። የዳኛ ፔሌግ ሚስት ራሷ እምላለሁ አለች። መልካም ሰዎች ናቸው፤ አመስግኜ መለስኳቸው።

ካፒቴን ብሪግስ ደጃፌ ላይ የነገረኝን ሁሉ ለአንተ አልጻፍኩልህም ነበር። ያን ቀን መርከቡ ላይ የእኛ መንደር ልጆች አምስት ነበሩ፤ አምስቱም ቃስያ ያዋለደቻቸው ናቸው። መኮንኑ ሲጠይቃቸው አራቱ በእኛ በኩል ባለችው በማቻያስ ተወለድን አሉ። ኤልካና ብቻ ካምፖቤሎ አለ። የተወሰደው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። እንግዲህ ሁለት ምስክር ብጨምር ምን ይሆናል? እንደገና ይጠሩታል። እሱም ሁለቱ ሴቶች ዘንግተው ይሆናል ይላል፣ እንደገና ይሣቅበታል። አይለውጥም፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ወደ ዳኛ ፔሌግ ሄድኩ። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው በሩን ዘጋው። ስለ ልጆቹ ለመነኝ። ስለ ልጆችህ የተጻፈ ሕግ አለ፣ ወንድሜ ይገለብጥልሃል፣ እኔ የምምለው ስለ ልጄ ብቻ ነው አልኩት። እጄን አነሣሁ። ኤልካናን የወለድኩት ማዶ፣ በቃስያ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ነው። አልጋው ላይ ሆኜ የገዛ ቤቴን ጭስ ማውጫ አይ ነበር፤ ሩፎስ እሳት ማንደዱን ያወቅኩት ከዚያ ሆኜ ነው። የት እንዳለሁ ለአንዲት ደቂቃ አልጠፋኝም። ይህን ሁሉ አስጻፍኩት። በሚመጣው ሰንበት ጉባኤው ፊት ቆሜ ስለ ሐሰቱ መሐላ እናገራለሁ።

ወረቀቱን ለመንግሥትም ለለንደንም ላከው። አይፈቱትም ብለኸኛል፣ ሰምቻለሁ። ቢሆንም ላከው። ያ አዛዥ ልጄን ሌላ ጊዜ ሰው ሰብስቦ ቢጠራው፣ ይህንንም በዚያው ሰው ፊት ያንብብለት። እናትህ አልዘነጋችም በሉልኝ።

አሴናት